የሀዋሳ ነርስ በር ስታንኳኳ ማን ይከፍታል? የማህበረሰብ ጤና ማስረጃ ከሲዳማ ገጠር ወደ ከተማ

ስለ ኢትዮጵያ የማህበረሰብ ጤና ሥራ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ከወጡት ጥናቶች መካከል ጠንካራ ከሚባሉት ጥቂቶቹ የተሠሩት ከሀዋሳ በስተደቡብ ባሉ የሲዳማ ገጠር ቀበሌዎች ነው። ወረዳዎቹ ከከተማዋ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ቢርቁ ነው። በከተማዋ በራሷ ላይ የሚሠራው ምርምር ግን በአብዛኛው መልኩ ሌላ ነው፤ በአንድ ወቅት ጥቂት መቶ ሰዎችን ጠይቆና ለክቶ፣ መቶኛውንና ተያያዥ ምክንያቶቹን አስፍሮ ያበቃል። ችግሩ መኖሩን ይነግረናል፤ ማን ምን ቢያደርግ እንደሚቀንስ ግን አይነግረንም። ይህ ጽሑፍ የገጠሩን ማስረጃ እንደገና በማንበብ፣ ለሀዋሳ ነርሶች የሚጠቅመው የትኛው ክፍሉ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ለመለየት ይሞክራል። መከራከሪያዬ ይህ ነው፦ ገጠሩን ውጤታማ ያደረገው የቤት ለቤት ጉብኝቱ ብቻውን አይደለም። ከጉብኝቱ በኋላ ሳይበጠስ የቀጠለው የሥራ ሰንሰለት ነው። ወደ ከተማ ሲመጣ የተኮረጀው ግን ጉብኝቱ ነው።

ከዳሌና ከወንሾ የተገኘው

ዳንኤል ገመቹ ዳቲኮና የበርገን ዩኒቨርሲቲው በርንት ሊንድቾርን እ.ኤ.አ. በ2009 በፕሎስ ዋን መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በዳሌና በወንሾ ወረዳዎች 51 ቀበሌዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ነበር። በ30ዎቹ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ያለባቸውን ሰዎች እንዲለዩ፣ አክታ እንዲሰበስቡና ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን በፊታቸው ሲወስዱ እንዲከታተሉ ሠለጠኑ። በ21ዱ ቀበሌዎች የተለመደው አሠራር ቀጠለ፤ ማለትም በሽተኛው ራሱ ወደ ጤና ተቋም እስኪመጣ ተጠበቀ። በመጀመሪያዎቹ ቀበሌዎች የተገኙት ሕሙማን ይገኛሉ ተብለው ከተገመቱት 122.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በማነጻጸሪያዎቹ 69.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕክምናቸውን በስኬት ያጠናቀቁት ደግሞ 89.3 በመቶ ከ83.1 በመቶ ጋር ናቸው።

ከመቶ በላይ የሆነው ቁጥር አንባቢን ሊያደናግር ስለሚችል ጥቂት ልቆይበት። መቶኛው የተሰላው በአገር አቀፍ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ከተገመተው በላይ ሰው ሲገኝ፣ ወይ ግምቱ ከእውነታው ያነሰ ነበር፣ ወይም ለዓመታት ሳይታወቁ ሲያስሉ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወጥተዋል፤ ምናልባትም ሁለቱም። በማንኛውም መንገድ ቢተረጎም፣ በሽተኛው እስኪመጣ የሚጠብቅ ተቋም ሊያያቸው የማይችላቸው ብዙ ሰዎች እንደነበሩ ያረጋግጣል። ከእነዚህም ውስጥ ሴቶች ጎልተው ይታያሉ፤ በሴቶች ላይ ልዩነቱ 149 ከ91.6 ነበር። ሕፃን አዝላ፣ የመጓጓዣ ብር ለምና፣ ቤቱን ለማን እንደምትተው ተጨንቃ ሆስፒታል የምትሄድ እናት፣ ምርመራው እስከ ቀበሌዋ ጤና ኬላ ሲመጣላት ትመረመራለች። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

በዚሁ መሠረት ላይ መሐመድ አህመድ ያሲን፣ ዳንኤል ዳቲኮ፣ ሉዊስ ኩዌቫስና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ወደ መላው የያኔው የሲዳማ ዞን አሰፉት። ከጥቅምት 2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አክታውን ሰብስበው በመስታወት ላይ ያዘጋጃሉ፤ ሞተር ብስክሌት የተሰጣቸው ተቆጣጣሪዎች ሰብስበው ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳሉ፤ ውጤቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በሽታው የተገኘበት ሰው ሕክምናውን በአካባቢው ይጀምራል፤ አብረውት የሚኖሩትም ይመረመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ዘገባቸው በአክታ ምርመራ የተረጋገጠው የሳንባ ነቀርሳ ምዝገባ ከ100,000 ሰው 64 ከነበረበት ወደ 127 አድጓል። በማነጻጸሪያው አካባቢ በዚያው ጊዜ ከ69 ወደ 63 ወርዷል። ሕክምናውን ያቋረጡት ከ11 በመቶ ወደ 3 በመቶ ቀንሰዋል።

ይህን ውጤት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ትጋት ለማወደስ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በጥሞና ለሚያነብ ሰው እያንዳንዱ እርምጃ ባለቤት ነበረው። አክታውን የምትቀበለው፣ የሚያጓጉዘው፣ የሚመረምረው፣ ውጤቱን የሚመልሰው ሰው ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ወይም ነዳጁ ቢቀር የሠራተኛዋ ትጋት ብቻውን 127ን አያመጣም ነበር። ማሪሴ ኮክና የኢትዮጵያ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 በሲዳማ ስለ እናቶች ጤና ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራ ከማህበረሰቡ በምታገኘው አመኔታ ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላዋ ካለው የጤና መዋቅር ጋር ባላት ግንኙነት ላይም የቆመ ነው።

ነርሷ ከተማ ስትገባ

የገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የከተማው ከስድስት ዓመት በኋላ በ2009 ሲከተል፣ አንድ ትልቅ ለውጥ ይዞ መጣ፦ በገጠር አሥረኛ ክፍልን አጠናቀው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ የቀበሌው ልጆች ሲሠሩ፣ በከተማ ሥራው ለክሊኒካል ነርሶች ተሰጠ። ነርሶቹ የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው፣ በመመሪያው መሠረት እያንዳንዳቸው ወደ 500 አባወራ ያህል ተሰጣቸው። በሙያ ደረጃ ይህ የኅብረተሰብ ጤና ነርሲንግን ወደ ሀገራችን ሰፈሮች በስፋት ያስገባ እርምጃ ነበር።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማህበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የጎንደሯ ነርስ ወደ መንደር ስትወጣ ከኋላዋ ጤና መኮንን፣ ከጎኗ ስለ ውኃና ስለ መጸዳጃ የሚያውቅ ባልደረባ ነበራት። እ.ኤ.አ. የ2009ዋ የከተማ ነርስ ግን ቦርሳዋን አንግታ በአመዛኙ ለብቻዋ ወጣች። ኋላ ላይ በአዲስ አበባ የኩባንና የብራዚልን ልምድ አይቶ የተሞከረው የቤተሰብ ጤና ቡድን ሐኪም ቤቱን ከነርሷ ጋር ወደ ሰፈር ለማውጣት፣ አባወራዎችንም በገቢና በጤና ችግራቸው ለይቶ ቅድሚያ ለመስጠት የታሰበ ነው። ከጎንደር ልምድ አንድ ነገር ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና ከቡድኑ ስብጥር በፊት የሚነሳ ጥያቄ አለ። በገጠር ጎጆው መኖሪያም የሥራ ቦታም ነው፤ ማሳው ከደጅ ነው፤ ጎረቤቱ ማን የት እንዳለ ያውቃል። በከተማ ነርሷ በሥራ ሰዓት በር ስታንኳኳ ማንን ታገኛለች?

ቤት የማይገኙ ሰዎች

ሀዋሳ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ስትሆን፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ለማህበረሰብ ጤና ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፓርኩ በሞቀበት ጊዜ 30,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

የእነዚህ ሴቶች ኑሮ ነርሷ የምትይዘውን የአባወራ መዝገብ አሠራር ይፈትናል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ፓርኩ ባወጣው ዘገባ ጀማሪዎቹ በወር 26 ዶላር ያህል መነሻ ደመወዝ እንደሚያገኙ፣ በመጀመሪያው ዓመትም የሠራተኛው ፍልሰት መቶ በመቶ ያህል እንደነበር አስፍሯል። በዚህ ደመወዝ ቤት የሚከራየው ተሰብስቦ ነው፤ ሦስት አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። አንዷ በጠዋት ፈረቃ ስትወጣ ሌላዋ ተኝታለች። ነርሷ በመስከረም የመዘገበቻት ልጅ በጥር ሌላ ሰፈር ትሆናለች፣ ወይም ወደ ቤተሰቦቿ ተመልሳለች። ኮሮና በመጣበት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች የፓርኩን ሴቶች በስልክ ሲከታተሉ፣ ብዙዎቹ ከሥራ እንደራቁና ሀዋሳን ለቀው ወደ ገጠር እንደሄዱ አረጋግጠዋል። አባወራን መሠረት ያደረገ ቆጠራ እንዲህ ያለችውን ሴት አይይዛትም። የእርግዝና መከላከያ፣ የደም ማነስ ምርመራ፣ የሳንባ ነቀርሳ ልየታ ከሚያስፈልጓቸው የከተማዋ ነዋሪዎች ግንባር ቀደሞቹ ግን እነዚሁ ናቸው።

የፋብሪካ ሥራ በጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጫና ከኢትዮጵያ የተገኘ ብርቱ ማስረጃም አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች የሥራ ቅጥርን በዕጣ አድርገው ባካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ሙከራ፣ የፋብሪካ ሥራ የደረሳቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የጤና ችግር ጎልቶ ታይቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ሥራውን በወራት ውስጥ ትተዋል። ጥናቱ የሀዋሳን ፓርክ አይመለከትም፤ ነገር ግን ፋብሪካው በራሱ የጤና ሥራ መስክ መሆን እንዳለበት ያመለክታል።

ሌላው ቤት የማይገኝ የሀዋሳ ሰው ዓሣ አስጋሪው ነው። መረቡን ማታ ጥሎ ማለዳ ያወጣል፤ ጠዋት የሐይቁ ዳር ዓሣ ማራገፊያ በሆነው አሞራ ገደል ዓሣውን ያራግፋል። ሐይቁ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉበት፤ በሽታው በሐይቁ ዙሪያ በአስጋሪዎች ላይ በጥናት ተረጋግጧል። በሀገር አቀፍ ደረጃ የፕራዚኳንቴል እደላ በዋናነት ያተኮረው ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ ስለሆነ መድኃኒቱ በትምህርት ቤት በኩል ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ እግሩ ከውኃ የማይወጣው ጎልማሳ በዚህ መንገድ አይደረስም። ሕክምና ያገኘው ልጅም አባቱን ተከትሎ ወደዚያው ውኃ ይመለሳል። ነርሷ ለአስጋሪው የምትደርስለት የቤቱን ደጃፍ በማንኳኳት ሳይሆን፣ ማለዳ ዓሣው በሚራገፍበት ቦታ በመገኘት ነው።

በድርጅት ወጪ ነርስን ወደ ሠራተኞች ማሰማራት በዓለም ታሪክም ቀድሞ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ በኒውዮርክ ድሆች ሰፈር የሠራችው ሊሊያን ዋልድ፣ በ1909 አንድን ትልቅ የሕይወት መድን ድርጅት አሳምና፣ ነርሶች መድን ገብተው ለታመሙ ሠራተኞች በድርጅቱ ወጪ እንዲደርሱ አድርጋለች። የሀዋሳ ፓርክ አምራቾችና የከተማው ጤና መምሪያ ተመሳሳይ ስምምነት ማድረግ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ምን ይለካ?

የከተማ ነርስ ሥራ በአብዛኛው የሚገመገመው በጎበኘቻቸው ቤቶች ብዛት ነው። ጉብኝት ቀላል መለኪያ ነው፤ በወር ማብቂያ ይደመራል፣ ሪፖርት ይሆናል። ነገር ግን 500 ቤት ያንኳኳች ነርስና 80 የደም ግፊት ሕሙማንን ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ከዚያም እስከ መድኃኒታቸው ያደረሰች ነርስ አንድ ዓይነት ሥራ አልሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የስቴፕስ (ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች) ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ምልክት ሳይሰጥ መቆየቱ ነው፤ ብዙዎቹ ሕሙማን መታመማቸውን አያውቁም። ነርሷ በቤት ለክታ «ጤና ጣቢያ ሂዱ» ስትል የመጀመሪያው ቀለበት ተሠራ። ሰውዬው ከሄደ፣ መድኃኒቱ ከተገኘለት፣ በቀጣዩ ወርም ከተመለሰ ነው ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው። በሲዳማ ገጠር አክታውን ወደ ላቦራቶሪ ያደረሰ፣ ውጤቱን የመለሰ ሰው ነበር፤ በከተማ የሪፈር ወረቀቱን መልስ ወደ ነርሷ የሚያመጣው ማን ነው?

ስለዚህ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተመራማሪዎችና የነርሲንግ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከሌላ የአንድ ወቅት ዳሰሳ ይልቅ፣ የዳሌና የወንሾን ሥልት በከተማ እንዲሞክሩ እመክራለሁ። ከተማዋ በስምንት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች በመሆኗ፣ ቀበሌዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማነጻጸር ይቻላል። በአንደኛው ወገን ነርሶቹ እንደተለመደው በሥራ ሰዓት ቤት ለቤት ይሂዱ። በሌላኛው ሳምንታዊ ሰዓታቸው ሳይጨምር ወደ ምሽት፣ ወደ እሑድ፣ ወደ ፋብሪካ ፈረቃ መቀየሪያና ወደ ዓሣ ማራገፊያው ይዛወር፤ የላኩት ሰው ጤና ጣቢያ መድረስ አለመድረሱንም በስልክ የሚያሳውቅ አንድ ተጠሪ ይመደብላቸው። የሚለካው የጉብኝት ብዛት መሆን የለበትም። በስድስት ወር ውስጥ ሕክምና ጀምረው የቀጠሉ የደም ግፊት ሕሙማን ስንት ናቸው? በአክታ ምርመራ የተገኙ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንስ? ከተገኙት ውስጥ በአባወራ መዝገብ ላይ ስማቸው ያልነበረው ምን ያህል ናቸው?

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ እስካሁን የተሠራው ሥራ ማንን እንደዘለለ የሚነግረን እሱ ስለሆነ ነው። ወጪውም ከወዲሁ ይታሰብ። የሲዳማው ሥራ የወጪ ጥናት በማህበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በጤና ተቋም ከሚሰጠው ከግማሽ በላይ እንደሚረክስ አሳይቷል። ርካሽ ማለት ግን ነፃ ማለት አይደለም። የምሽት ሥራ የትራንስፖርት አበልና ነርሷ በሰላም ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ነርሶች ራሳቸው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ከሥልጠናው በፊት ይህን መሸፈን ይኖርበታል።