የኢኖቬሽን ሥራ አመራር ትምህርት አመጣጥና የተመራቂዎቹ ድርሻ



በየዓመቱ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «ኢኖቬሽን ማኔጅመንት ተምረን የምንቀጠረው ምን ተብለን ነው?» ለረጅም ጊዜ የሥራ መደቦችን ስም እየዘረዘርሁ ስመልስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን መልሱን በትምህርቱ ታሪክ ውስጥ ልፈልገው እወዳለሁ።

በቅድሚያ የቋንቋ ጉዳይ አለ። አማርኛችን አዲስ ነገር ማግኘትንም፣ ያንኑ ነገር ለገበያና ለአገልግሎት ማብቃትንም «ፈጠራ» ይለዋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆሴፍ ሹምፔተር ግን ሁለቱን ለያይተው አሳይተዋል፤ በእርሳቸው አመለካከት በሥራ ላይ ያልዋለ ግኝት ለኢኮኖሚው ትርጉም የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈጠራ፣ ሁለተኛውን ኢኖቬሽን እላለሁ።

ፈጠራ ወደ ኢኖቬሽን የሚሻገረው እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1966 ክሪስቶፈር ፍሪማን በእንግሊዝ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፖሊሲ ምርምር ክፍልን አቋቋሙ። ክፍሉ በ1970ዎቹ መባቻ «ሳፎ» በተባለው ጥናት የስኬት ታሪክን ብቻ ከመተረክ ይልቅ፣ ለአንድ ገበያ የታሰቡ ሁለት ኢኖቬሽኖችን፣ የሰመረውንና የከሸፈውን፣ ጎን ለጎን አቀረበ። በመጀመሪያው ዙር ከኬሚካልና ከሳይንሳዊ መሣሪያዎች ኢንዱስትሪ 29 ጥንዶች ተመረመሩ።

የሰመሩትን ከከሸፉት አብልጦ የለየው የተጠቃሚውን ፍላጎት ጠንቅቆ መረዳት ሆኖ ተገኘ። የሰመሩት ለገበያ ሥራ የበለጠ ትኩረት ሰጥተዋል፤ የልማቱን ሥራ የግድ ባይፈጥኑም በተሻለ ብቃት አከናውነዋል፤ ከውጭ በሚገኝ ዕውቀትና ምክር ተጠቅመዋል። ኃላፊዎቻቸውም ልምድና ሥልጣን ያላቸው ነበሩ።

ለተማሪዎቼ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል። የዚህ ትምህርት ተመራቂ ቦታ በቤተ ሙከራውና በተጠቃሚው መካከል ነው። በአንዱ ድርጅት የምርት ሥራ አስኪያጅ፣ በሌላው የምርምርና ልማት ፕሮጀክቶች መራጭ፣ በሦስተኛው የአእምሯዊ ንብረት ባለሙያ ሊባል ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቤይ–ዶል ሕግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ ባካሄዱት ምርምር ላይ የፓተንት ባለቤት እንዲሆኑ ከፈቀደ ወዲህ የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮዎች ተበራክተዋል፤ ይህም ሌላው የሥራ በር ነው።

ነገር ግን የጥናቱን የመጨረሻ ውጤት አንዘንጋ፦ ልምድና ሥልጣን። የምረቃ ወረቀት ሁለቱንም አይሰጥም። ስለዚህ ተመራቂው በሽያጭ፣ በግዥ ወይም በጥራት ቁጥጥር ጀምሮ አንድን ኢንዱስትሪ ከውስጡ ቢያውቅ እንደ ውድቀት ሊቆጥረው አይገባም። ተጠቃሚው ምን እንደሚቸግረው በቅርብ የሚሰማው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

በመጨረሻ ራሴን ልውቀስ። ለዓመታት ለክፍል ያቀረብኋቸው ምሳሌዎች የሰመሩትን ብቻ የሚያወድሱ ነበሩ፤ ተማሪዎቼም ክሽፈትን ሳያጠኑ ወጥተው በሥራ ዓለም በድንገት ተገናኙት። ከእንግዲህ የማማክራችሁ ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ከሰመረው ጎን የከሸፈውን እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ።