አስር ኩንታል ተሸክሞ ወርቅ ፍለጋ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። በረዶ የለበሰ ቀጥ ያለ ተራራ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። መጀመሪያ ጉንዳን መስሎኝ ነበር። አጉልቼ ሳየው ለካ ሰው ነው! ጀርባው ጎብጦ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ሽቅብ የሚወጣ ሰልፍ። ቦታው በአላስካና በካናዳ ድንበር ላይ ያለው የቺልኩት መተላለፊያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የጀመረው በኦገስት 1896 ነው። እኛ አድዋ ላይ ድል ካደረግን ገና ስድስት ወር አልሞላም። በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ክሎንዳይክ ወንዝ አካባቢ ባለ አንድ ጅረት ላይ ወርቅ ተገኘ። ያገኙት ጆርጅ ካርማክ የሚባል አሜሪካዊ፣ የሚስቱ ወንድም ኬይሽ እና የኬይሽ የእህት ልጅ ናቸው። ሚስትየው ሻው ትላና ወንድሟ የአገሩ ተወላጆች፣ ታጊሾች ነበሩ። እነሱን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ወሬው ወደ ደቡብ እስኪደርስ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። በጁላይ 1897 ወርቅ የጫነች መርከብ ሲያትል ስትደርስ ግን በቃ፣ ሰው አበደ። አሜሪካ ከ1893 ጀምሮ ኢኮኖሚዋ ወድቆ ሥራ አጡ ብዙ ነበር። ሥራ ያለውም ቢሆን አልቀረም፤ የሲያትል ከንቲባ ሳይቀር ሥልጣኑን ለቆ ሄዷል። ወደ 100,000 ሰው ጉዞ ጀመረ ይባላል።

አሁን ወደ ፎቶው ልመልሳችሁ። የካናዳ ፖሊስ ሰው በረሃብ እንዳያልቅ ብሎ የዓመት ስንቅ ያልያዘ አይገባም አለ። ከነመሣሪያው ሲደመር ዘጠኝ አስር ኩንታል ይሆናል! በረዶው ላይ 1,500 ገደማ ደረጃ ተጠርቧል። ሰውየው ሠላሳ ኪሎ ተሸክሞ ይወጣል፣ ያራግፋል፣ በቂጡ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይሸከማል። ሠላሳ አርባ ጊዜ። ከሰልፉ የወጣ ሰው ተመልሶ ለመግባት ብዙ ይጠብቃል። ኤፕሪል 3 ቀን 1898፣ በነሱ የሆሳዕና ዕለት፣ በረዶ ተንዶ ከ60 ሰው በላይ ቀበረ። ብዙም ሳይቆይ ሰልፉ ቀጠለ። በጎን ባለው በሌላው መንገድ ደግሞ ወደ 3,000 ፈረስ አለቀ። እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ የፈረሶቹ ነው፣ ወርቅ ምን ያደርግላቸዋል?

ከዚያ በኋላ እንጨት ቆርጦ ጀልባ መሥራት፣ የዩኮን ወንዝ በረዶ እስኪቀልጥ መጠበቅ፣ ከዚያም ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በውኃ መጓዝ አለ። ከ30,000 እስከ 40,000 የሚሆነው ዳውሰን ከተማ ደረሰ።

ሲደርሱስ? ወርቅ ያለበት ጅረት ሁሉ ከረጅም ጊዜ በፊት ተይዟል! ቀድመው በአካባቢው የነበሩት ናቸው የያዙት። አዲስ መጪው ወይ ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ይቆፍራል፣ ያውም በረዶ የሆነውን አፈር በእሳት እያቀለጠ፣ ወይ ዕቃውን ሸጦ ይመለሳል። ወርቅ ያገኘው 4,000 ሰው ገደማ ነው። በ1899 ደግሞ ኖም የሚባል የአላስካ ዳርቻ ላይ ወርቅ አለ ሲባል በሺህ የሚቆጠር ሰው ግልብጥ ብሎ ወደዚያ ነጎደ። ያ ሁሉ ደረጃ ወጥቶ እኮ ነው!

ወደነ ሻው ትላ ልመለስ። ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ያስመዘገበው ካርማክ ነው፤ ለአግኚው ተጨማሪ ቦታ ይሰጥ ስለነበር ሁለት ወሰደ። የኬይሽ ቤተሰቦች ግን ወርቁን መጀመሪያ ያየው የኛ ሰው ነው ይላሉ። ሦስቱም ሀብታም ሆኑ። በ1900 ካርማክ ሚስቱን ካሊፎርኒያ እህቱ ቤት ትቷት ሌላ አገባ። እሷ ፍርድ ቤት ብትሄድም ጋብቻውን የሚያስረዳ ወረቀት አልነበራትም። ልጇን ይዛ አገሯ ገባች፣ ወንድሟ ቤት ሠራላት። ልጅቷንም ኋላ አባትየው ወደ ሲያትል ወሰዳት። ሻው ትላ የእጅ ሥራዋን ለአገር ጎብኚዎች እየሸጠች ኖረች። በ1920 ኢንፍሉዌንዛ ገደላት።