የተረፈ ቀለም

«ቀለም» በአማርኛችን ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። ጸሐፊው ብርዑን የሚያጠቅስበት ቀለም ነው፤ ሠዓሊው በብሩሹ የሚያነሣው ቀለም ነው፤ ትምህርት የሚዘልቀው ልጅም «ቀለም የሚገባው» ይባላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ትንሹ ቀለም ነው፦ ከሥራ ተርፎ በሣጥኑ ጥግ ስለሚደርቀው የውሃ ቀለም፣ ከእርሱም ስለሚወለደው የመልካም ምኞት ካርድ። የማነሣቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1840 እንግሊዝ አገር ደብዳቤን በአንድ ፔኒ የሚያደርስ የፖስታ ሥርዓት ቆመ። ለዚህ ሥርዓት ከደከሙት አንዱ ሄንሪ ኮል ነበር። መላኪያው ሲረክስ ደብዳቤው በዛ፤ ለገና የሚመጣውን ሁሉ በእጅ ጽፎ መመለስ ደግሞ አድካሚ ሆነ። ስለዚህ ኮል በ1843 ወዳጁን ሠዓሊ ጆን ካልኮት ሆርስሊን ካርድ አስነደፈ። በመካከሉ ማዕድ የከበበ ቤተሰብ ጽዋ ያነሣል፤ በግራና በቀኝ የተራበ ይበላል፣ የታረዘ ይለብሳል። 1,000 ያህል ቅጂ ታተመ። ሆኖም ማተሚያው የሰጠው መስመሩን ብቻ ነበር፤ ቀለሙን የቀባው የሰው እጅ ነው።

የአንዱ ካርድ ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። ሽልንግ 12 ፔኒ ነውና፣ በአንድ ካርድ ዋጋ 12 ደብዳቤ ይላክ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በካርዱ ጠርዝ የተሣለው ድኻ ካርዱን ሊገዛ አይችልም ነበር። መልካም ምኞት ያለው ሰው ሁሉ ምኞቱን የሚገልጽበት አቅም አልነበረውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ሽልንግ ሌላ ነገር ገዛ። ኮል ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበት የለንደኑ የኪነ ጥበባት ማኅበር፣ በ1853 በአንድ ሽልንግ የሚሸጥ የውሃ ቀለም ሣጥን ለሠራ ሰው ሽልማት ሰጠ። እስከ 1870 ድረስ 11 ሚሊዮን ያህል ሣጥኖች እንደተሸጡ ይነገራል። አንድ ካርድ ይገዛ የነበረው ገንዘብ ብዙ ካርድ የሚሠራበትን ቀለም ገዛ። በእኔ ግምት በካርድ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ኅትመት ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው።

የውሃ ቀለም ደግሞ ለቆጣቢ እጅ የተፈጠረ ይመስላል። የዘይት ቀለም አንዴ ከደረቀ ድንጋይ ነው፤ አይመለስም። የውሃ ቀለምን አጣብቆ የሚይዘው ግን የግራር ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በሱዳንና በእኛም ቆላ ከሚበቅለው ግራር ይለቀማል፤ የዛፉ ቅርፊት ሲቆስል እንባ መስሎ ይወጣና ይደርቃል። ሙጫው በውሃ ስለሚሟሟ፣ ዓመት የከረመ ፍርፋሪ ቀለም እንኳ ጠብታ ሲነካው ይነሣል። ለሥዕል የማይበቃው ትራፊ መዳፍ ለምታህል ካርድ ይተርፋል።

ቀጥሎ ማተሚያው ቀለሙንም ከእጅ ወሰደ። በ1870ዎቹ የቦስተኑ አታሚ ሉዊስ ፕራንግ፣ አንዱን ሥዕል በብዙ ድንጋዮች ቀለም በቀለም እያተመ፣ ያማሩ የገና ካርዶችን በብዛት አወጣ። ደግነቱ ይኸው ሰው ለተማሪ ቤት ሥዕል ማስተማሪያም ብዙ የደከመ ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ በልጆች የውሃ ቀለም ሣጥን ላይ ይነበባል። በአንድ እጁ ካርድን ለማተሚያ ሰጠ፤ በሌላው ለልጆች ብሩሽ አቀበለ።

ማተሚያው እንዲህ አሳምሮ ከቀባ የሰው እጅ ምን ቀረው? መልሱን ለማግኘት የእኛን መስከረም አንድ ማየት ይበቃል። ሴቶች ልጆች አደይ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ በጳጉሜን የሣሉትን ሥዕል ይዘው ደጅ ያንኳኳሉ። መልአኩ አንድ ክንፉ ይረዝማል፤ ፀሐይዋ ዓይንና ቅንድብ አላት፤ ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር ተቀላቅሎ ፈስሷል። ተቀባዩ «እደጉ» ብሎ ሳንቲም ይሰጣል። ይህን ልማድ ከለንደን የተማርነው አይደለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ለሰው ደግ መመኘትን በራስ እጅ ቀብቶ ማድረስ።

ዛሬ የታተመ ሥዕል ገዝተው የሚያዞሩ ልጆች አሉ፤ አዋቂዎቹም አንዱን ምስል በስልካችን ለመቶ ሰው እንልካለን። ልጆቹን አልወቅስም፤ የታተመው ያማረ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። ነገር ግን ያ የተንጋደደ መልአክ የሚናገረውን አይናገርም። «ለአንተ ስል ይህን ያህል ጊዜ ተቀመጥሁ» የሚለው እርሱ ብቻ ነው። ኮል ካርዱን ያሳተመው ጊዜ ስላጠረው ነበር፤ የእጅ ካርድ የሚሰጠው ስጦታ ግን ያንኑ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የደረቀውን ቀለም አንጣለው። በሣጥኑ ጥግ የቀረችው ቢጫ፣ ጠብታ ውሃ ካገኘች፣ ለአንዲት አደይ ትበቃለች።