የዕጩነት ዋጋ፦ ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት እስከ ሐረጎ ዳገት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የሕግ ሐረግ ላይ ያተኩራል። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ይሁን ይላል፤ ዕድሜም ይወስናል። ቀጥሎ ግን በሚወዳደርበት የምርጫ ወረዳ ነዋሪና ባለንብረት መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ የንብረቱን መጠን ለምርጫ ሕጉ ይተወዋል። ከአንድ አንቀጽ በፊት፣ በአንቀጽ 95፣ ያው ሕገ መንግሥት ሃያ አንድ ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት ሲሰጥ ስለ ንብረት አንዳች አይናገርም። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ስታነቡ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ድኻ ይመርጣል፣ አይመረጥም።

ይህ ድንጋጌ በጊዜው እንደ ኋላ ቀርነት አልታየም። ከዚያ በፊት የነበረው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲሆኑ አድርጎ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ይጠብቅ ብሎ ነበር። በዚያ ሲለካ የ1948ቱ ትልቅ እርምጃ ነው። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫ ተካሄደ፤ ከዚያም በየአራት ዓመቱ ቀጠለ። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ዕጩው የሚተማመነው በራሱ ስም፣ በራሱ ዘመድና በራሱ ኪስ ብቻ ነበር።

የዚያ ዘመን ምክር ቤት የታላላቅ ባላባቶች ጉባኤ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በወንበሮቹ ላይ መምህራን፣ ዝቅተኛ ሹማምንትና ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን እየጠቀሱ የንብረቱ ሁኔታ በተግባር ከባድ እንዳልነበረ ይከራከሩኛል። እኔ ግን መታየት ያለበት ማን ገባ የሚለው ብቻ አይመስለኝም፤ ማን ሊገባ እንደማይችል አስቀድሞ መወሰኑም መታየት አለበት። የሰው መሬት አርሶ ምርቱን የሚያካፍለው ጭሰኛ መግባት አይችልም ነበር። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሲሰለፉ፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ጉዳይ ይነሣ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የጭሰኝነትን ግንኙነት የሚገዛ ረቂቅም ለፓርላማው ቀረበ። ረቂቁ አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ ሕግ ሆኖ አልወጣም። ለእንደራሴነት ባለንብረትነትን ቅድመ ሁኔታ ያደረገ ምክር ቤት የጭሰኛውን ሕግ ዓመታት ቢያቆየው አያስገርምም፤ ያስገርመኝ የነበረው ቶሎ ቢያሳልፈው ነው።

አሁን ወደ እኛው አገር፣ ወደ ወሎ፣ ወደ 1965 ዓ.ም. ልመለስ። እኔ በዚያ ዓመት ገና ጡት የጣልሁ ሕፃን ነበርሁ፤ የማውቀው እናቴ የነገረችኝን ነው። እናቴ በሰኞ ገበያ በርበሬና ጨው ትቸረችር ነበር። ስለዚያ ክረምት ስትናገር ሁልጊዜ የምትደግመው ነገር አንድ ነው፤ እህሉ ገበያ ላይ ነበረ፣ ሰዉ ግን ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ ይሄዳል ትለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ የተጋነነ ይመስለኝ ነበር። በኋላ የአማርትያ ሴንን እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ የድህነትና የረሃብ ጥናት ሳነብ የደሴ ገበያ በውስጡ ተቀምጦ አገኘሁት። ሴን እንደሚለው ረሃቡ በበረታበት ጊዜ በደሴ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበር። ማሳው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷልና እህልን ወደ እርሱ የሚጠራ ብር አልነበረውም። በዋጋው ትንታኔ ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ተከራክረውታል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። የእናቴን ቃል ግን ከዚያ የተሻለ ያብራራልኝ ጽሑፍ አላገኘሁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን፣ አርብቶ አደሩ ከቆላው፣ ገበሬው ከደጋው እየፈለሰ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ሲወድቅ፣ በሰኔ 1965 ዓ.ም. አገሪቱ እንደራሴዎቿን ትመርጥ ነበር። የዘውዱ ሥርዓት የመጨረሻው ምርጫ ነው። ቀኑን ሳሰላው ዛሬም ይከብደኛል። በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው በሬው አልቋል፤ ያለችውንም ሸጧል፤ ከቀዬው ወጥቷል። አንቀጽ 96 የሚጠይቃቸውን ሁለቱንም ነገሮች፣ ንብረትንና ነዋሪነትን፣ በአንድ ክረምት አጥቷል። ረሃቡን ያመጣው የምርጫ ሕግ ነው አልልም፤ እንዲህ የሚል የታሪክ ተማሪ ቢኖር ወረቀቱን እመልስለታለሁ። የምለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለቀበት ወሎ፣ ጩኸቱን ወደ ምክር ቤት ይዞ የሚገባለት ከመካከሉ የወጣ ሰው በሕግ ተከልክሎ ነበር ነው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ያን ምክር ቤት አብሮ በተነው።

እዚህ ላይ ወደ ባሕር ማዶ አንድ ጊዜ ልሻገር፤ ምክንያት አለኝ። የእንግሊዝ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1838 ቻርተር ብለው ባወጡት ሰነድ ካቀረቧቸው ስድስት ጥያቄዎች ሁለቱ ገንዘብን የሚመለከቱ ነበሩ። አንዱ ለፓርላማ አባልነት የሚጠየቀው የንብረት መጠን ይቅር የሚል ነው፤ ሌላው አባላቱ ደመወዝ ይከፈላቸው የሚል። የመጀመሪያው በ1858 ተፈጸመ። ሁለተኛው ግን እስከ 1911 ቆየ፤ ያኔ በዓመት 400 ፓውንድ ተወሰነ። በመካከሉ ባሉት ሃምሳ ሦስት ዓመታት አንድ የማዕድን ቆፋሪ በሕግ ፊት ሙሉ ዕጩ ነበረ፤ ቢመረጥ ግን ማኅበሩ ካልረዳው በስተቀር ለንደን ላይ ምን ይበላ? የሕጉ በር ሲከፈት የወጪው በር ተዘግቶ ሊቆይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

በእኛ አገር የሕጉን በር የሰበረው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ሆኖም በተሰበረው በር የሚገባበት ምርጫ እስከ 1979 ዓ.ም. አልመጣም። ሲመጣም ባለ 835 መቀመጫው ብሔራዊ ሸንጎ ዕጩዎቹን የሚቀበለው ከፓርቲውና ከብዙኃን ማኅበራት ነበር፤ የራስ ገንዘብ አያስፈልግም፣ የራስ ሐሳብም እንዲሁ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ለሁሉም ሰጥቷል። ለሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር ላመልክት። ስለ እኩልነት የሚናገረው አንቀጽ 25 ልዩነት የማይደረግባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር ሀብትን በስሙ ይጠራል። አንቀጽ 38 ግን ቀለምን፣ ዘርን፣ ጾታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትን ከጠራ በኋላ ሀብት ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ «ሌላ አቋም» በሚለው ውስጥ እንድናገኘው ይተወናል። ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስለኝም። ቢሆንም በ1948 ጮክ ብሎ ይነገር የነበረ ቃል እዚህ መጥፋቱን ልብ በሉ።

ቃሉ ቢጠፋም ወጪው አልጠፋም። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለማቋቋም 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። የአገር አቀፉ ቁጥር ከአንድ ክልል ብቻ የሚሰበሰብ አይደለም። አንድ ሰው በቀን ሃምሳ ፊርማ ያሰባስባል ብንል 10,000 ፊርማ የሁለት መቶ ቀን ሥራ ነው፤ ምሳና መሳፈሪያ ሳይታሰብ። በግል የሚወዳደርም በሺዎች የሚቆጠር የድጋፍ ፊርማ ይጠበቅበታል። አዋጁ ሲረቅ ብርቱ ክርክር ካስነሡት ነጥቦች አንዱ ደግሞ ዕጩ የሚሆን የመንግሥት ሠራተኛ በቅስቀሳው ወቅት ያለ ደመወዝ ከሥራው ይቆይ የሚለው ነበር። የድንጋጌው ዓላማ ይገባኛል፤ የመንግሥት ሥልጣንና መኪና ለቅስቀሳ እንዳይውል ነው። ነገር ግን መኪና የሌለውን መምህር ከባለ መኪናው ኃላፊ ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀምጠዋል። ፓርቲዎች ከመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማግኘታቸውና ድጋፉ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎች ቁጥር መታየቱ ግን በበጎ የማነሣው ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት አውቀው ነበር። በደንብ የገባኝ ግን ከ2013ቱ ምርጫ በፊት ነው። ኮምቦልቻ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ መጥቶ ለመወዳደር እንዳሰበ አጫወተኝ። ከደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ባነር፣ ፎቶ ኮፒ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ የባጃጅ ኪራይ፣ የስልክ ካርድ፣ ለየምርጫ ጣቢያው ታዛቢ ምሳና መሳፈሪያ፣ ለወረቀት ጉዳይ ሐረጎን የሚወጣበትና የሚወርድበት። ከሥር «ወደጃና ለቅሶ» የሚል ጽፎበታል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ ድምፅ ልጠይቀው የምሄድ ሰው ቤት ቡናና ስኳር ሳልይዝ እንዴት እገባለሁ?» አለኝ።

ሕጉ ድምፅ መግዛትን ይከለክላል፤ ትክክልም ነው። ለወሎ ሰው ግን ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው። ያ ልጅ ጉቦ ሊሰጥ አልነበረም፤ ነውር ላለመሥራት ይሰላ ነበር እንጂ። በመጨረሻው መስመር ሳይከፈለው የሚቀረውን ደመወዝና የቤት ኪራዩን ደምሮ፣ ድምሩን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

አልተወዳደረም። በዚያ ወረዳ ማን እንዳሸነፈ ሁላችሁም ከመዝገብ ታገኙታላችሁ፤ እርሱ ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ለምርምር ርእስ የምትፈልጉ የታሪክ ተማሪዎች፣ ያሸነፉትንና የተሸነፉትን ብቻ አትቁጠሩ፤ አስበው የቀሩትንም ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ወረቀቱን አጥፌ ልመልስለት ስል «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሚስቴ እንዳታየው» ብሎኝ ወጣ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።