ነፃ ሕክምናን ማን ይከፍለው ነበር?

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ሲወርዱ የክሊኒክ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ቤት ታፔላ ተደራርቦ ይታያል። በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ተገድቦ ስለነበር እንዲህ ያለ ብዛት አይታሰብም፤ አድቬንቲስቶች ያስተዳድሩት የነበረው ዘውዲቱ ሆስፒታል እንኳ የመንግሥት ሆኗል።

ያኔ ድሃ ሲታመም መንገዱ በቀበሌ በኩል ነበር። ገቢው አነስተኛ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት አጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ሐኪሙ በነፃ ያየዋል። መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ሲደርስ ግን «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። የነፃው ወረቀት ደግሞ ከግቢው ውጭ አይሠራም።

የመስኮቱ ሠራተኛ ምን ያድርግ? መክፈል የሚችለው ሰው የከፈለው ብር ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር፤ ታሪፉም ለአሥርት ዓመታት አልተከለሰም። ብዙ በሽተኛ ያከመ ሆስፒታል መደርደሪያው ቶሎ ይራቆታል እንጂ በጀቱ አይጨምርም። የጎደለውን ያሟላው ድሃው ራሱ ነው፤ ተበድሮ፣ በግ ሸጦ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ሕክምናን ለሁሉም ነፃ ባደረገች በ3 ዓመቷ ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ጣለች፤ ሥርዓቱን የዘረጋው ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ።

እኛ ዘንድ ለውጡ የመጣው በ1990 ዓ.ም. በወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው ለመድኃኒትና ለዕቃ እንዲያውሉት ተፈቀደ። ክትባት፣ የቲቢ ሕክምናና የቤተሰብ ዕቅድ ለሁሉም ነፃ ሆነው ቀጠሉ፤ ለድሃው ደግሞ ወጪውን የመንግሥት አካል ለተቋሙ እንዲከፍል ተወሰነ። ብዙም ያልተወራለት ይህ ውሳኔ ለእኔ ከአዲስ ሕንፃ ምረቃ ሁሉ ይበልጣል።

በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። አባወራው በዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ መንግሥት ይደጉማል። አባልነቱ በፈቃድ ስለነበር ግን ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቀድሞ ይመዘገብ፣ ጤነኛው ያመነታ ነበር፤ ቋቱም በዚሁ ይሳሳ ነበር።

ለደመወዝተኛው በ2002 ዓ.ም. የጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶ ነበር። በኋላ የወጣው ደንብ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ወሰነ። ደመወዙ አነሰ፣ የሆስፒታሉም አገልግሎት አያስተማምንም የሚለው የሠራተኛው ቅሬታ በርትቶ አፈጻጸሙ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። በእነዚያ ዓመታት የፎገራ ገበሬ የመድን ደብተሩን ይዞ ሲታከም፣ ሃያ ሁለት ክሊኒክ የገባው የመንግሥት ሠራተኛ ከኪሱ ይከፍል ነበር።