ስንት ካሬ ነው?

አንድ ሰው ቤት ገዛ ሲባል የሚከተሉት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። «የት ሰፈር?» ይባላል፤ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት ወይም ለገጣፎ የሚል መልስ ይመጣል። ቀጥሎ «ስንት ካሬ ነው?» ከዚያ «ውሃውስ? መንገዱስ?» ግቢው ጥበቃ አለው፣ አስፋልቱ በር ድረስ ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት መገናኛ ላይ ያለው መጨናነቅ ባይኖር ኖሮማ ቢሮ መድረስ ቀላል ነበር... ይህ ሁሉ ይወራና አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ጎረቤትህ ማነው? ገዢውም አያውቅ፣ ሻጩም አያውቅ። ይህ ጥያቄ ከቤት ምርጫ ውስጥ እንዴት እንደወጣ ታሪክ አለውና ዛሬ እሱን እናውጋ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ አይደለም። አዲስ አበባን የቆረቆሩት የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከነጋሢ ክርስቶስ ነው፤ የነጋሢ አገር ደግሞ መንዝ ነው። ስለዚህ ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌ እንውጣ።

ሞላሌ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ነች። ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በግ ይረባል፣ ከጸጉሩ ባና ይሠራል፣ ቤት በድንጋይ ይታነጻል። እንደ አገሩ ወግ መንዝን የተከፋፈሉት ማማ፣ ላሎ እና ጌራ የተባሉ ሦስት አቅኚ አባቶች ናቸው። ወረዳዎቹ ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ።

ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገበት አዋጅ በየካቲት 1967 እስኪታወጅ ድረስ፣ የመንዝ ጎልማሳ ጎጆ ሲወጣ የሚጠይቀው «ስንት ካሬ?» ብሎ አልነበረም። «በማን በኩል?» ነበር ጥያቄው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳልና፣ በአባቱ በኩል ወደ አንዱ አቅኚ፣ በእናቱ በኩል ወደ ሌላው ሊቆጥር ይችላል። አንደኛው ዘንድ መሬቱ ሰፊ ቢሆን አጎቶቹ ነገረኞች ናቸው፤ ሌላው ዘንድ መሬቱ ቢጠብም ዘመዱ ደግ ነው፤ የሚስቱ ወገን ደግሞ ሌላ ቦታ አለው። ቤት መምረጥ ማለት ከየትኛው አያት እንደሚወለዱ መምረጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎረቤት ማለትም አብሮ የሚያርስ፣ አብሮ ሰንበቴ የሚጠጣ፣ በመጨረሻም የሚቀብር ዘመድ ነው።

የጣራው ክዳን እንኳ በዘር የሚቆጠር ነበር። በጌራ ምድር ያለው የጓሳ ሳር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና፣ ሲከፈት የማጨድ መብት ያለው የአቅኚዎቹ ተወላጅ ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት ለዘመናት ቆይቶ የፈረሰው ከመሬት አዋጁ ጋር ነው።

ይህን ስል «ደጉ ዘመን» ብዬ ልቆዝም አይደለም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ያለው ሕዝብ በርስት ምክንያት ወንድም ከወንድሙ ዕድሜ ልክ ተሟግቷል፤ ተገዳድሏልም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ማረሻና ጋቢ፣ ምጣድና ድስት እየሠሩለት ከርስቱ ውጭ ነበሩ። «ቡዳ» እየተባሉ ከዳር ይኖሩ ነበር። የመንዝ መንደር የዘበኛ ማማ ባይኖረውም አጥር ነበረው። አጥሩ የዘር ሐረግ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንውረድ። ከተማይቱ በ1879 ስትቆረቆር ሰፈር የሚለው ቃል ገና የጦር ሰፈርነት ትርጉሙን አልለቀቀም ነበር። አፄ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሰጡ፤ መኳንንቱም ከፍ ከፍ ባለው ስፍራ ግቢያቸውን ሠርተው አሽከርና ወታደራቸውን ዙሪያቸውን አሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚህ የመጡ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር እና ዘበኛ ሰፈርም እንዲሁ በሥራ የተሰየሙ ናቸው። ከገጠር የመጣ ሰው የሚጠይቀው «በማን በኩል?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ጋር ልጠጋ?» ሆነ። ይሁን እንጂ የጌታው አዳራሽና የአሽከሩ ጎጆ በአንድ ሰፈር ውስጥ ነበሩ። ጌታው ድሃውን በየቀኑ ያየዋል። እኩልነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ መተያየት ግን ነበር።

ይህን መተያየት በፕላን ለመበጠስ የሞከረው ጣሊያን ነው። በ1928 አዲስ አበባ እንደገባ ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ከተማ ለመሥራት ተነሣ። አገሬው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማና መርካቶ ወደምንለው እንዲገፋ ታቀደ። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ቤት ተሠራ፤ የሠሪው ድርጅት ምኅጻረ ስም ካዛ ኢንቺስ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ቢባረርም፣ ቢሮ ውሎ ወደ ተለየ ሰፈር መመለስ የሚለው ሐሳብ ቀረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሲጀምር በዚያ በኩል ቪላው እየበዛ ሄደ።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ሆነ። እነሆ ካሬ በሕግ ቋንቋ ገባ! ቤት መምረጥ ለብዙው ሰው ቀረ። የተመደበለት ቤት ገብቶ እዚያው ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረ። ዛሬ የምንናፍቀው የቀበሌ ሰፈር ኑሮ፣ ቡናው፣ እድሩ፣ የጎረቤት ልጅ መቅጣቱ፣ በአብዛኛው የተወለደው ከዚህ መፈናፈኛ ማጣት ነው። ማንም ጎረቤቱን አልመረጠም፤ ግን ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ለመደው፣ ከዚያ ወደደው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረት በአንድ የጋራ ሽንት ቤትና በአንድ የቦኖ ውሃ ተፈትኖ አልፏል።

የሊዝ አዋጅ በ1986 ወጣ። ሪል እስቴት የሚለው ቃል ለመደ፤ በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ ግቢው የታጠረ መንደር በቀለ። ምርጫ ተመለሰ ማለት ነው፤ የተመለሰው ግን ገንዘብ ላለው ነው። መካከለኛው ሰው በኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ይጠብቃል። ባለዕጣ ሰፈሩንም ጎረቤቱንም አይመርጥም፤ ባለገንዘብ ሰፈሩን ይመርጣል፣ ጎረቤቱን ግን መምረጥ ሳያስፈልገው ዋጋው ይመርጥለታል። ያን ያህል መክፈል የማይችል ሰው አጠገቡ አይመጣምና።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1947 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አቅራቢያ መሠራት የጀመረው ሌቪትታውን የአሜሪካ የዳር ከተማ ኑሮ ምሳሌ ሆኗል፤ ውሉ ግን ጥቁር እንዳይኖርበት ይከለክል ነበር። ዛሬ በሜሪላንድ ቤት የሚፈልግ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤቱ በጀት ጥሩ ድርሻ የሚመጣው ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሆነ፣ ውድ ሰፈር የሚገዛ ሰው ለልጁ ወንበር መግዛቱ ነው። ወላጅን በዚህ መውቀስ አይቻልም። ቤቱ ውድ ያልሆነበት ሰፈር ልጅስ? ያ ጥያቄ ቤት ሲመረጥ አይነሣም።

እኛ ዘንድም የማይነሣ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ ቦታ ከኔ በፊት የማን ነበር? የአያትም የሰሚትም መንደር ትናንት እርሻ ነበር፤ ገበሬው በካሳ ተነሥቶ ነው መንደሩ የቆመው። ከተማዋን ከዙሪያዋ ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ጀምሮ ደም ያፈሰሰ ተቃውሞ አስነሥቶ በጥር 2008 ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ደግሞ በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ያላቸውን አሟጠው የሠሩ ሰዎች ሜዳ ላይ ሲያለቅሱ አይተናል። በ2017 ካዛንቺስ ራሱ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ዳር ዳር ሄደ። ቤት ተሰጠው የሚባለውም ቢሆን እድሩ አብሮት አልሄደም። አንድ እድር አምስት ቦታ ሲበተን ድንኳኑ ከማን ጋር ይሄዳል?

ስለዚህ ቤት ለመግዛት የሚዞር ወዳጅ ቢያማክረኝ፣ ካሬውንና መንገዱን ይጠይቅ እላለሁ፤ ልጅ ያለው ሰው ነውና ደኅንነት ይፈልጋል፣ ትክክል ነው። ግን አንድ ቅዳሜ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ይዙር። እድር አለ ወይ? ካለ ጥበቃውና የቤት ሠራተኛዋ መግባት ይችላሉ? የቀድሞው ባለ እርሻ የት ነው? ከግንቡ ጀርባ ሆኖ በግ ሲጠብቅ ሊያገኘው ይችላል። ሰላም ይበለው፤ ስሙን ይጠይቀው። የሞላሌው ጎልማሳ ድንጋዩን ከመካቡ በፊት የሚጠይቀው ስለ ሰው ነበር። የሱ ጥያቄ ዘመዱን ብቻ ይመለከት ነበር። የእኛ ግን በዘርም በዋጋም ሳይታጠር አጠገባችን ያለውን ሁሉ መመልከት ይችላል።