«ሆልድ ኦፍ» ማለት «ያዝ» ማለት አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ግስን የሚገለብጡት ትንንሽ ቃላት

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ውጭ አገር ላለ አንድ ሚዲያ ዘገባ ልሠራ ተስማምቼ፣ ሻንጣዬን ይዤ ልወጣ ስል ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ገባ፤ «ፕሊስ ሆልድ ኦፍ» ይላል። «ሆልድ» መያዝ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በቃ፣ «ሥራውን ያዘው» አሉኝ ብዬ በራሴ ብር ክፍለ ሀገር ወረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳነጋግር ቆይቼ፣ ጽፌ ላክሁ። የመጣው መልስ ግን «ለጊዜው ቆይ፣ አትጀምር ብለንህ ነበር እኮ» የሚል ነው። የትራንስፖርትና የአልጋ ብሬ በዚያው ቀለጠ።

«ሆልድ»ን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከኋላዋ ያለችውን «ኦፍ» ከቁም ነገር ስላልቆጠርኳት ነው። ዛሬ ስለነዚህ ትንንሽ ቃላት እናውራ።

ነገሩ ምንድን ነው?

እንግሊዝኛ ገት፣ ቴክ፣ ፑት፣ ሉክ፣ ተርን የመሳሰሉ ቀላል ግሶችን ይወስድና ከኋላቸው አፕ፣ ኦፍ፣ ኦን፣ አውት፣ ዳውን እያስከተለ አዲስ ትርጉም ይፈጥራል። በሰዋስው «ፍሬዛል ቨርብ» ይባላል። የከበደን እኛን ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታዋቂ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ የውጭ ሰዎችን በጣም ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ ይሄ እንደሆነ ጽፏል።

ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሰጠ» የሚለውን ግስ እዩት። እጅ ሰጠ፣ ጆሮ ሰጠ፣ ፊት ሰጠ፣ ቃሉን ሰጠ። እጁን ቆርጦ ለሰው የሰጠ የለም፤ ተሸነፈ ማለት ነው። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ሰጠ»ን ብቻ ይዞ «ፊት ሰጠው» ሲባል ቢሰማ ግራ ይጋባል። እኛም «ጊቭ» መስጠት ነው ብለን «ጊቭ አፕ» ላይ ስንደርስ የምንደናገረው እንደዚያ ነው። «ጊቭ አፕ» ደግሞ እጅ መስጠት፣ መተው ነው።

አንድ ግስ፣ ብዙ ሕይወት

«ሉክ» ማየት ነው። አሁን ጅራት እንቀጥልለት፦

▪ ሉክ ፎር፦ መፈለግ (የጠፋ ቁልፍ፣ ሥራ፣ የኪራይ ቤት)
▪ ሉክ አፍተር፦ መንከባከብ (ልጅ፣ በሽተኛ)
▪ ሉክ ኢንቱ፦ ጉዳዩን ማጣራት
▪ ሉክ አፕ፦ የማታውቁትን ነገር መዝገበ ቃላት ወይም ኢንተርኔት ላይ ማየት
▪ ሉክ አፕ ቱ፦ ሰውን እንደ አርአያ ማየት
▪ ሉክ ዳውን ኦን፦ ሰውን መናቅ
▪ ሉክ ፎርዋርድ ቱ፦ በጉጉት መጠበቅ
▪ ሉክ አውት፦ ተጠንቀቅ!

ስለዚህ «ሉክ አፍተር»ን ሁለት ቃል አድርጋችሁ አትያዙት። እንደ አንድ ቃል ያዙት።

ትንሿ ቃል ምን ትሸከማለች?

ሁሉንም መሸምደድ ያደክማል። ግን ትንንሾቹ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚደጋግሙት ጠባይ አላቸው፤ እሱን ካወቃችሁ ሳታጠኑትም መገመት ትችላላችሁ።

አፕ፦ ብዙ ጊዜ «ሙሉ በሙሉ» የሚል ስሜት አለው። «ኢት» መብላት ነው፤ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት። «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ።

ኦፍ፦ ማራቅ፣ ማቋረጥ። «ተርን ኦፍ» ማጥፋት፣ «ኮል ኦፍ» መሰረዝ፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ፣ «ሆልድ ኦፍ» ለጊዜው መቆየት። «ቴክ ኦፍ» ለጫማ ከሆነ ማውለቅ፣ ለአውሮፕላን ከሆነ መነሳት ነው። ሁለቱም ከነበሩበት መራቅ ናቸው። ይህንን ያኔ ባውቅ ኖሮ ብሬ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

ኦን፦ መቀጠል። «ጎ ኦን» እና «ካሪ ኦን» ቀጥል ማለት ናቸው። ስልክ ላይ «ሆልድ ኦን» ካሏችሁ ደግሞ «አንዴ ጠብቀኝ፣ እንዳትዘጋው» ነው።

አውት፦ የተደበቀውን ማውጣት ወይም ማለቅ። «ፋይንድ አውት» መረዳት፣ ማወቅ፤ «ፊገር አውት» አስቦ መፍትሔውን ማግኘት፤ «ራን አውት» ማለቅ (ዳታው፣ ብሩ፣ ጊዜው)።

ዳውን፦ መቀነስ። «ስሎው ዳውን» ፍጥነት መቀነስ ነው። «ተርን ዳውን» ለድምፅ ከሆነ መቀነስ፣ ለጥያቄ ወይም ለሥራ ከሆነ አልቀበልም ማለት።

ይሄ ግን ሕግ አይደለም፣ መገመቻ ነው። «ፊል ኢን ዘ ፎርም» እና «ፊል አውት ዘ ፎርም» ሁለቱም ፎርሙን ሙላ ናቸው። ኢን እና አውት ተቃራኒ ሆነው ሳለ!

«ኢት» የት ትቀመጥ?

መብራቱን ወይም መኪናውን በስም ከጠራችሁት ሁለቱም ያስኬዳል፦ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»። ኢት፣ ሚ፣ ሂም፣ ዜም ከሆነ ግን መሃል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ፒክ ሚ አፕ»። «ተርን ኦፍ ኢት» ስህተት ነው። እንደ ሉክ ፎር፣ ሉክ አፍተር እና ሉክ ኢንቱ ያሉት ግን አይለያዩም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ብቻ ነው።

ፊልም ስታዩ የማይሰማችሁም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱ ቃላት ተጣብቀው ይወጣሉ፦ «ፒክ ኢት አፕ» «ፒኪታፕ» ይሆናል፣ «ተርን ኢት ኦፍ» ደግሞ «ተርኒቶፍ»።

ሥራ ለምትፈልጉ

ትምህርት ቤት የምናጠናው «ፖስትፖን»፣ «ካንስል»፣ «ቶለሬት» የሚሉትን ነው። ኢሜይልና ስልክ ላይ የሚመጡት ግን «ፑት ኦፍ»፣ «ኮል ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ናቸው። ከነዚህ አንዱን ማምታታት ቀጠሮ ሊያሳጣችሁ ይችላል፦

▪ «ዘ ኢንተርቪው ኢዝ ፑት ኦፍ»፦ ቃለ መጠይቁ ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል። አልቀረም!
▪ «ዘ ኢንተርቪው ኢዝ ኮልድ ኦፍ»፦ ተሰርዟል።
▪ «ዊ ዊል ገት ባክ ቱ ዩ»፦ መልስ እንሰጥሃለን። እንመለሳለን ማለት አይደለም።
▪ «ሃንድ ኢን»፦ ማስረከብ፣ ማስገባት (ወረቀት፣ የቤት ሥራ)
▪ «ቴክ ኦን»፦ ሠራተኛ መቅጠር
▪ «ሌይድ ኦፍ»፦ ድርጅቱ ሥራ ስለቀነሰበት ወይም ስለከሰረ ከሥራ የተቀነሰ። «ፋየርድ» ግን ብዙ ጊዜ በጥፋት የተባረረ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለቱን ካምታታችሁ ሳታጠፉ ጥፋተኛ ትመስላላችሁ።

እናንተ ማመልከቻ ስትጽፉ ግን «ፖስትፖን» ይሻላል። ፍሬዛል ቨርብ የሚበዛው ንግግርና ቀለል ያለ ጽሑፍ ላይ ነው።

አማርኛችን የሚያሳስተን

አንዳንዱ ስህተት የሚመጣው በአማርኛ አስበን ቃል በቃል ስንገለብጥ ነው።

▪ «ጠብቀኝ» ስለምንል «ዌይት ሚ» እንላለን። ትክክሉ «ዌይት ፎር ሚ»።
▪ «ሙዚቃ እሰማለሁ» ብለን «ሊስን ሚዩዚክ» እንላለን። ትክክሉ «ሊስን ቱ ሚዩዚክ»።
▪ «አስረዳኝ» ብለን «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን። ትክክሉ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ»።
▪ «ከእሱ ጋር ተጋባች» ብለን «ማሪድ ዊዝ» እንላለን። ትክክሉ «ማሪድ ቱ»።
▪ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ብለን «ዲስከስድ አባውት» እንላለን። እዚህ ላይ «አባውት» አያስፈልግም።

እንዴት እንማረው?

1. ስትፈልጉ ግሱን ለብቻው አትጻፉ። «ሆልድ ኦፍ» ብላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ፈልጉ። መተርጎሚያ አፕ ከተጠቀማችሁ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ስጡት።
2. ከምታውቁት ጀምሩ። ስልካችሁ ላይ በየቀኑ ሎግ ኢን፣ ሎግ አውት፣ ሳይን አፕ፣ ባክ አፕ ትላላችሁ። ሐኪም ቤት «ፎሎው አፕ አለኝ»፣ ካፌ «ቴክ አዌይ» እንላለን። ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።
3. በሳምንት አምስት ብቻ ያዙ፤ ለእያንዳንዱ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
4. ከሥራ ጋር የተያያዘ መልእክት መጥቶ ካልገባችሁ ጠይቁ። «ልጀምር ወይስ ልቆይ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

እኔ ያን ቀን አንድ መስመር ጽፌ ብጠይቅ ሁለት ቀንና የአልጋ ብር አይከስርብኝም ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬን ከፈልኩበት። እናንተ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፤ ኢንተርቪው ለሚጠብቅ ጓደኛችሁም ላኩለት።